40 ሳንቲ ያልኩት ፊደል 30 ሆኖ መጣ፦ ለታፔላ ስራ ሶፍትዌር የመረጥኩበት መንገድ

የመጀመሪያ ስራዬ የአንድ ቁርስ ቤት የመስታወት በር ነበር። ቀይ ስቲከር፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ። ከዚህ የቀለለ ስራ የለም ብዬ ነበር። ዲዛይኑን ቤት ሰርቼ በፍላሽ ያዝኩና ፕሎተር፣ ማለትም ስቲከር የሚቆርጥ ማሽን፣ ያለው ልጅ ጋ ሄድኩ። ልጁ ፋይሉን ከፍቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። «ቁርስ ቤት» ብዬ በጻፍኩበት ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮማና የጥያቄ ምልክት ተደባልቆ ተደርድሯል።

«ፎንቱን ይዘኸዋል?» አለኝ።

ፎንት በፍላሽ ተይዞ እንደሚሄድ ያን ቀን ሰማሁ።

ታክሲ ይዤ ወደ ቤት፣ ከቤት ደግሞ ተመልሼ ወደ ልጁ። በሁለተኛው ዙር ጽሑፉ ተነበበ፣ ተቆረጠም። ትርፉን ስቲከር መልቀም ስንጀምር ግን ፊደሎቹ የቀጠኑ መሰለኝ። መምሰል ብቻ አይደለም፣ ቀጥነዋል። የመረጥኩት ፎንት ወፍራም ዓይነት ስላልነበረው ዙሪያውን ኦውትላይን ሰጥቼ ነበር ያወፈርኩት። ፕሎተር ደግሞ የመስመር ውፍረት የሚባል ነገር አያይም። ምላጩ የሚከተለው የፊደሉን ጠርዝ ብቻ ነው። እኔ የጨመርኩት ውፍረት ስክሪኑ ላይ ቀረ።

ስቲከሩን ከኪሴ ከፍዬ እንደገና አስቆረጥኩ። የስራው ትርፍ የታክሲውን እንኳ አልሸፈነም።

ይህን ያስታወስኩት ሰሞኑን ስራውን የጀመሩ ሁለት ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለጠየቁኝ ነው። «ለታፔላ ስራ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?» እኔም ያኔ ይህንኑ ስጠይቅ ነበር የምውለው። የማገኘው መልስ ሁሉ ስለ ፕሮግራሙ ነበር። ይሄኛው ይህን ይችላል፣ ያኛው ያን ይችላል። ዛሬ ብጠየቅ ከሌላኛው ጫፍ ነው የምነሳው። የሚቆርጥላችሁ ማነው? የሚያትምላችሁስ? እነሱ ጋ ያለው ማሽን ምን ዓይነት ፋይል ይቀበላል? አማርኛ ፊደላችሁ ከእናንተ ኮምፒውተር ተነስቶ እነሱ ጋ እስኪደርስ ምን ይገጥመዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስንጀምር ብዙዎቻችን የራሳችን ማሽን የለንም። ያለን አንድ ኮምፒውተርና አንድ ስልክ ነው። ባነር አንዱ ጋ ይታተማል። ስቲከር ሌላው ጋ ይቆረጣል። አክሪሊኩ ሌዘር ያለው ጋ፣ ክላዲንጉ (የታፔላው ጀርባ የሚሆነው የአልሙኒየም ሰሌዳ) ደግሞ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ፣ ያለው ጋ ይሄዳል። ብረቱን በያጅ ይሰራዋል። እኛ መሀል ላይ ሆነን ፋይል እናመላልሳለን። ፋይሉ የእኛ ቢሆንም የሚከፍቱት ሌሎች ናቸው።

ሙያውን የተማርኩት ደግሞ ከኮምፒውተር አይደለም። ጋሼ ከምላቸው የታፔላ ጸሐፊ ነው። ላሜራው ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ያሰምራሉ፣ ፊደሉን በዓይናቸው ይከፋፍላሉ፣ ከዚያ ብሩሹን አንዴ ካስቀመጡ አያነሱትም። ታፔላ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ እንደመጣ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተር ልገዛ ነው ስላቸው ምክራቸው አጭር ነበር። «ከመንገዱ ማዶ ሆነህ ካልተነበበልህ አልጻፍከውም።» ይህ አባባል የትኛውም ሶፍትዌር ላይ ይሰራል፣ ይበልጥ ደግሞ ስክሪኑን አጉልተን ስንሰራ የምንረሳው እሱን ነው።

ወደ ፕሮግራሞቹ ልመለስ።

እኔ በምዞርባቸው ማተሚያ ቤቶች ኮርልድሮው የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም (እኛ ኮርል የምንለው) የሌለው አላጋጠመኝም። የካናዳ ፕሮግራም ነው፣ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ አለ። የታፔላ ሰው የሚወደው በምክንያት ነው። የገጹ ስፋት እስከ 45 ሜትር ስለሚደርስ 8 ሜትር ታፔላ በ8 ሜትርነቱ ይሰራበታል። ፋይሉን በፒኤልቲ፣ ማለትም ቆራጭ ማሽን በሚያነበው የፋይል ዓይነት፣ ማውጣት ስለሚችል አብዛኛው ስቲከር ቆራጭ ማሽን ያለ ጭቅጭቅ ይቀበለዋል። አንዳንዶቹ ፕሎተሮች ኮርል ውስጥ የሚገባ የራሳቸው ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ፣ ከዚያው ሆናችሁ መቁረጥ ነው። ልኬት መጻፊያው ደግሞ ለበያጅ የምትሰጡትን ስዕል በአምስት ደቂቃ ይጨርስላችኋል።

ችግሩ ቨርዥኑ ነው። በአዲሱ ኮርል የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም። ማተሚያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ኤክስ 7 እየተጠቀመ ከሆነና የእናንተ ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ ፋይሉ አልከፈትም ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባነሩ ለእሁድ ሰርግ የሚፈለግ ሆኖ፣ «ቨርዥን አውርደህ ላክልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ ሰውነት ይዝላል። ሴቭ ስታደርጉ ከታች ቨርዥን የሚያስመርጥ ቦታ አለ። የማተሚያ ቤታችሁን ቨርዥን አንዴ ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ወደ ታች ሲወርድ ጥላና ግልጽነት ያላቸው ነገሮች መልካቸውን ሊቀይሩ ስለሚችሉ ፒዲኤፉንም አብራችሁ ላኩ።

ሁለተኛው የአዶቤ ኢላስትሬተር ነው። የተማርኩት ሎጎ ለመስራት ነው፣ ለሎጎ ዛሬም እሱን እመርጣለሁ። መስመሩ ለእጅ ይታዘዛል። ለታፔላ ግን ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛው ገጹ ነው። የቆየው ኢላስትሬተር ከ5 ሜትር ከ77 ሳንቲ ገደማ በላይ አይሄድም። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ትልቅ ገጽ ተጨምሮለታል፣ ያ የሌለው ሰው ግን ለረጅም ታፔላ በአንድ አስረኛ መስራት አለበት። 8 ሜትሩን በ80 ሳንቲ ትሰሩታላችሁ፣ ከዚያ «10 እጥፍ አድርገው» ብላችሁ ለአታሚው መንገር አለባችሁ። መንገሩ ከተረሳ ምን እንደሚሆን እናንተ አስቡት። ሁለተኛው፣ ፒኤልቲ በቀጥታ አያወጣም። ወይ ተጨማሪ መግጠሚያ ይፈልጋል፣ ወይ በሌላ ፕሮግራም መሸጋገር ይኖርበታል። መሸጋገር ባለበት ደግሞ ልኬት ይጠፋል። የ40 ሳንቲው ታሪክም እዚህ ጋ ነው የሚመጣው።

አንዲት የልብስ ሱቅ ባለቤት የአክሪሊክ ፊደል አዘዘችኝ። ቁመቱ 40 ሳንቲ፣ ውስጡ ኤልኢዲ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20። መንገዱ በኮሪደር ልማት ስለተቀየረ አሮጌው ታፔላዋ ወርዶ ነበር። ዲዛይኑን በኢላስትሬተር ሰራሁት። ሌዘር ያለው ሰው «ኤስቪጂ ላክልኝ» አለኝ፣ በዚያ የፋይል ዓይነት ላክሁ። እሱ ጋ ያለው ረዳት ኢንክስኬፕ በሚባል ነጻ የዲዛይን ፕሮግራም ከፍቶ ዲኤክስኤፍ ወደሚባል ሌላ የፋይል ዓይነት አወጣው፣ ሌዘሩ ላይ ጫነው። ተቆረጠ። ፊደሎቹ በካርቶን ታሽገው መጡ። እኔም ከፍቼ አየኋቸው፣ ጠርዛቸው እንደ መስታወት ያበራል፣ ደስ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት።

ለመስቀል ሄድን። መሰላል ላይ የወጣው ልጅ የመጀመሪያውን ፊደል ግድግዳው ላይ ደግፎ ወደ ታች አየኝ። «ይሄ የሌላ ሰው እንዳይሆን?» አለ። የሱቁ ባለቤት ወጥታ አየችና፣ «የኔ ወንድም፣ ይሄ እኮ ከታክሲ ውስጥ አይታይም» አለችኝ። ሜትር አወጣሁ። 30 ሳንቲ። ሁለተኛውን ለካሁ። 30። ሁሉም 30።

ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም ደግሞ አልለካም። ነገሩ እንዲህ ነው። ኢላስትሬተር አንዱን ኢንች በ72 ፒክስል ይቆጥራል። ኢንክስኬፕ በ96 ይቆጥራል። በፒክስል የተላከ ኤስቪጂ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር 72 ለ96 ሲካፈል የሚመጣውን ያህል፣ ማለትም ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። 40 ሲባዛ በ0.75 ሠላሳ ነው። ቅርጹ አንድም ቦታ ስላልተበላሸ ዓይን አይይዘውም። በሙሉ እኩል ነው ያነሰው።

አክሪሊኩን በድጋሚ ገዛሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውም ከእኔ የሚወጣ ፋይል ጥግ ላይ 10 ሳንቲ በ10 ሳንቲ የሆነች ባዶ ካሬ አለች። ቆራጩ መጀመሪያ እሷን ይለካል፣ 10 ካልሆነች ምንም አይቆርጥም። ከፋይሉ ጋር በቴሌግራም «ጠቅላላ ርዝመት 320 ሳንቲ፣ ቁመት 40» ብዬ እጽፋለሁ። ሲቻል ፒዲኤፍ እልካለሁ፣ ፒዲኤፍ ልኬቱን ይዞ ይሄዳል። ዲኤክስኤፍ ከሆነ ደግሞ በሚሊሜትር ነው ወይስ በኢንች የሚለውን ሳልናገር አልልክም። አንዳንድ ዲኤክስኤፍ ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው፣ መለኪያውን አይናገርም። ኢንች ተብሎ የተከፈተ ሚሊሜትር 25 እጥፍ ሆኖ ይመጣል፣ እሱ እንኳ ጥሩ ነው፣ ከማሽኑ አልጋ ስለሚወጣ ሁሉም ያየዋል።

ይህን ስል ኢንክስኬፕን እያማሁት አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ለጀማሪ ቅድሚያ የማሳየው እሱን ነው። ነጻ ነው፣ ሙሉ በሙሉ። ስቲከር ለመቁረጥና ለሌዘር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አለው። ለአሮጌ ኮምፒውተርም ብዙ አይከብድም። የሚጎድለው ቀለም ላይ ነው። ስክሪን በሚያወራበት የቀለም ቋንቋ እንጂ ማተሚያ በሚያወራበት በአራቱ ቀለም ለመስራት አይመችም። ለሚቆረጥ ስራ ይህ ግድ አይሰጥም፣ ምላጭ ቀለም አያውቅም። ለባነር ግን አረንጓዴው ይደበዝዛል፣ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ይሸሻል።

ለዚህም ቢሆን መላ አለው። የምትወዷቸውን 60 ያህል ቀለሞች በትናንሽ ካሬ ደርድራችሁ፣ እያንዳንዱ ስር ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ በምታሳትሙበት ማሽን፣ በምታሳትሙበት ባነር ላይ አንድ ጊዜ አሳትሙት። ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ደንበኛ ቀለም የሚመርጠው ከዚያ ይሁን እንጂ ከስልኩ አይሁን። እኔ ጋ የተሰቀለው ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ክርክር አስቀርቶልኛል።

ባነር ካነሳን ፎቶሾፕ። ጀማሪ ሆኜ «ጥራት 300 መሆን አለበት»፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ የሚል ምክር ሰምቼ 6 ሜትር በ3 ሜትር ባነር በ300 ከፈትኩ። ኮምፒውተሬ እንደ ሚክሰር መጮህ ጀመረ። ሂሳቡን በኋላ ነው የሰራሁት። 70,866 ፒክስል በ35,433። በአራት ቀለም ሲሰላ 10 ጊጋ ባይት ገደማ፣ ያውም ከአንድ ሌየር ጋር። ተራው የፎቶሾፕ ፋይል ደግሞ በአንድ ጎን ከ30 ሺህ ፒክስል በላይ አይቀበልም። ያንኑ ባነር በ72 ብትከፍቱት 580 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው፣ ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም። እጅ ላይ የሚያዝ ብሮሹር ሌላ ነገር ነው። ፎቶውን ብቻ በፎቶሾፕ አስተካክላችሁ ጽሑፉን በኮርል ወይም በኢንክስኬፕ ብትጽፉት ፊደሉ ስለት እንደያዘ ይቀራል፣ ፋይሉም ይቀላል። ደንበኞች አሁን አሁን በስልካቸው ፒክስላብ ላይ የሰሩትን ይዘው ይመጣሉ። «ዲዛይኑን ጨርሼዋለሁ፣ ማተም ብቻ ነው» ይላሉ። ለሐሳብ ጥሩ ነው። 5 ሜትር ላይ ሲወጠር ግን ፊደሉ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። እንደ ንድፍ ተቀብዬ እንደገና እጽፈዋለሁ።

አሁን ፊደላችን። እኔ የማንኛውንም ሶፍትዌር ዋጋ የምለካው እዚህ ጋ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ስርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ነበር። የቁርስ ቤቱ ጽሑፍ የተበላሸው በዚህ ነው፤ የተጠቀምኩት የድሮ ፎንት ነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ስሩ ያለው እንግሊዝኛ ብቅ አለ። ዛሬም ከድሮ ደንበኛ የሚመጣ ፋይል እንዲህ ያደርጋል። ለአዲስ ስራ ዩኒኮድ ፎንት ብቻ ተጠቀሙ።

የፎንት ውፍረት ጉዳይም አለ። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካም እንዲሁ። ለመጽሐፍ ያምራሉ፣ ለታፔላ ግን ይቀጥናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ጥቁሩ ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል። የመጀመሪያ ስቲከሬን ያበላሸው የኦውትላይን ጨዋታ አያስፈልግም ማለት ነው። የግድ ማወፈር ካለባችሁ ደግሞ ኦውትላይኑን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ኮርል ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኪው አብራችሁ ስትጫኑ ነው። ኢላስትሬተር ላይ አውትላይን ስትሮክ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ስትሮክ ቱ ፓዝ ይባላል። ከዚያ የተደራረበውን በዌልድ አንድ አድርጉት። ይህ ካልተደረገ ምላጩ ሁለቱንም መስመር ይቆርጥና ፊደሉ መሀል ላይ ይተረተራል።

ፋይል ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ ከርቭ መቀየር ደግሞ ግዴታ ነው። ኮርል ላይ ኮንትሮል ኪው። ከተቀየረ በኋላ ፎንት መፈለግ ቀረ፣ ፊደሉ ስዕል ሆኗል። ነገር ግን ያልተቀየረውን ኮፒ አትሰርዙ። ደንበኛ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይቀይራል።

እንግሊዝኛ የማያስቸግርበት፣ የእኛ ፊደል ግን የሚያስቸግርበት አንድ ቦታ ደግሞ አለ። የ«ቤ»ን እግር እዩ። ጫፏ ላይ ትንሽ ቀለበት አለች። «ሬ» ላይም፣ «ሴ» ላይም፣ የኃምስ ፊደል ብዙው እንዲሁ ነው። ሲኤንሲ በ3 ሚሊሜትር ቢት (የሚሽከረከረው መቁረጫ ጫፍ) ሲቆርጥ ከ3 ሚሊ የጠበበ ቀዳዳ ውስጥ መግባት አይችልም። ቀለበቷ ትደፈናለች፣ ወይም ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይዘላታል። «ቤ» ያለ ቀለበት ምን እንደምትመስል እናንተው ጻፏትና እዩ። ስለዚህ ፎንት ስመርጥ መጀመሪያ የምጽፈው የደንበኛውን ስም ሳይሆን «ቤ ሬ ቄ ዌ» ነው። በሚቆረጥበት ቁመት አድርጌ የቀለበቷን ውስጥ እለካለሁ። ትንሽ ስቲከር ላይም ያው ነው፣ ትርፉን ስትለቅሙ ቀለበቷ አብራ ትነቀላለች።

ክላዲንግ ላይ ፊደሉን ቆርጦ አውጥቶ ከኋላ በብርሃን ለሚሰራ ደግሞ የ«ወ»፣ የ«ቀ»፣ የ«መ» እና የ«ዐ» ሆድ ይወድቃል። ፊደሉ ሲወጣ የውስጡ ቁራጭ የሚይዘው ነገር የለም። ወይ በቀጭን ድልድይ ታያይዙታላችሁ፣ ወይ ከኋላ የሚገባው አክሪሊክ ላይ ትለጥፉታላችሁ። ቁራጮቹን ቁጠሯቸውና በፌስታል አድርጉ። አንዴ የአንድ «ወ» ሆድ ጠፍቶብኝ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ፣ ለካስ የሲኤንሲው ልጅ ከመጋዝ ብናኝ ጋር ጠርጎታል።

ሎጎ በፎቶ ሲመጣ ኮርልም፣ ኢላስትሬተርም፣ ኢንክስኬፕም ፎቶውን ወደ መስመር የሚቀይሩበት መንገድ አላቸው። ለቅጠልና ለአበባ ያግዛል። ለፊደል አትጠቀሙበት። ቀጥ ያለውን መስመር በመቶ ነጥብ ሰባብሮ ያመጣዋል፣ ሌዘሩም ሆነ ሲኤንሲው በየነጥቡ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ይታያል። ፎንቱን ፈልጎ እንደገና መጻፍ ይፈጥናል። ካልተገኘ በእጅ መከተል። የጋሼን የእጅ ጽሕፈት ፎቶ አንስቼ በእጅ የተከተልኩት እንዲህ ነው። «ሀ» ብቻዋን አንድ ምሽት ወሰደች፣ ሃያ ነጥብ እንኳ አልሞላችም ግን።

ገንዘቡን ሳላነሳ ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ብዙዎቻችን በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ በተሰበረ ፕሮግራም፣ ነው የጀመርነው። እኔም። አንድ ቀን ክራኩን ለመጫን አንቲቫይረሱን አጠፋሁ፣ እንደ መመሪያው ማለት ነው። በማግስቱ የሁለት ዓመት ስራዬ ሁሉ ስሙ ተቀይሮ፣ የማይከፈት ሆኖ፣ ብር ክፈል የሚል ጽሑፍ ተቀምጦበት አገኘሁት። የደንበኞች ሎጎ፣ ልኬት፣ ሁሉም። ኮፒ አልነበረኝም። ማንንም መውቀስ አልችልም፣ በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ በሕጋዊ መንገድ ልሂድ አልኩ። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ የሚወጣው ኢላስትሬተር በኪራይ እንጂ በግዢ አይሰጥም። ያኔ ብቻውን በወር ወደ 23 ዶላር ነበር። እዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ቀላል ስላልሆነ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ለእናቷ በብር እሰጣለሁ። ለጥቂት ወራት ጥሩ ሄደ። ከዚያ ካርዷ ተቀየረ፣ እሷም ረሳችው፣ እኔም በየወሩ ማስታወስ አፈርኩ። ፕሮግራሙ የተዘጋው ስራ እጄ ላይ እያለ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ያው 23 ዶላር በብር ሲሰላ ሌላ ክፍያ ሆነ። በየወሩ የሚከፈል ነገር የሚያዋጣው ገቢው በየወሩ ለሚመጣለት ሰው ነው። የታፔላ ስራ ደግሞ በዓልና ምረቃ ሲደርስ ይጎርፋል፣ ክረምት ላይ ይደርቃል።

ኮርል ከኪራዩ ሌላ አንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛት የሚቻልበት አማራጭ ስላለው በመጨረሻ እሱን ገዛሁ። ዋጋው ያማል። ግን አንዴ ነው። የቆራጮቼም የአታሚዎቼም ፋይል እሱ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ኢንክስኬፕ አለ። ሌዘር ከገዛሁ ወዲህ ማሽኑን የማዘው በላይትበርን ነው፤ እሱም አንዴ ተከፍሎ የሚያዝ ነው፣ ዲዛይኑን በፒዲኤፍም በኤስቪጂም ይቀበላል። ከቻይና ሌዘሮች ጋር በነጻ የሚመጣው አርዲወርክስም ይሰራል፣ እንደ ላይትበርን አይመችም እንጂ። ለዕለት ስራ የማሽኑ ፕሮግራም ላይ ዲዛይን አትስሩ። ማሽኑ ሲቀየር ዲዛይናችሁ አብሮ ይቀራል።

ልትገዙ ካሰባችሁ በሙከራ ጊዜው ተጠቀሙ። ኢላስትሬተር 7 ቀን፣ ኮርል 15 ቀን፣ ላይትበርን 30 ቀን ይሰጣሉ። ያን ጊዜ ቪዲዮ እያያችሁ አትጨርሱት። ያለቀ አንድ የድሮ ስራችሁን አንሱ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ቁጥርም ያለበት። ከጽሑፉ ጀምራችሁ በአዲሱ ፕሮግራም ስሩት፣ እውነተኛው ቆራጭ ጋ ላኩት፣ ትንሽ ቁራጭ አስቆርጡና በሜትር ለኩ። የትኛው ቦታ ላይ እንደቆማችሁ ያን ጊዜ ይታወቃል። የእኔ ምርጫ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ሰፈራችሁ ያለው ሲኤንሲ በሌላ ፕሮግራም የሚሰራ ከሆነ ከእሱ ጋር የሚስማማውን ያዙ። መብራት ስለሚሄድ ደግሞ ፕሮግራሙ በየስንት ደቂቃው ስራውን በራሱ እንደሚያስቀምጥ አስተካክሉት፣ እኔ 5 ደቂቃ ላይ ነው ያደረግኩት።

እነዚያ 30 ሳንቲ ፊደሎች የሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ሰው ሲገባ የማን ታፔላ ነው ብሎ ይጠይቃል።

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሰራው ልጅ የመጀመሪያ ብቻውን የሰራውን ፋይል አመጣ። በኢንክስኬፕ ነው የሰራው፣ የአንድ ፀጉር ቤት ስም። «ቤት» የምትለዋ ላይ አጉልቼ የቀለበቷን ውስጥ ለካሁ። 4 ሚሊ። ጥጉ ላይ ካሬዋን ሳይነገረው አስቀምጧታል። ሌዘሩ ላይ ከፍተን ለካናት፣ 10 ሳንቲ። አክሪሊኩን አልጋው ላይ አስተኛና ክዳኑን ዘጋ።